ከኦፕሬሽኑ ማግስት፦ ግሎባል ሰርጀሪ ውስጥ ለመግባት ለሚያስቡ ወጣት ሐኪሞች የተናገርኩት

ይሄ ለሬዚደንቶችና (ስፔሻሊቲ እየተማሩ ላሉ ሐኪሞች) ለኢንተርኖች (ሕክምና ትምህርት ሊጨርሱ ለተቃረቡ) የተናገርኩት ነው፣ ቅጂውን እየሰማሁ ጻፍኩት፣ አንዳንድ ቦታ አሳጥሬያለሁ፣ አማርኛውን ግን እንደተናገርኩት ነው የተውኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ግሎባል ሰርጀሪ ምለው የቀዶ ሕክምና ለማያገኘው የዓለም ሕዝብ እንዲደርስ የሚሰራውን ስራ ነው።

እሺ፣ ኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ።

የመጀመሪያው ስላይድ ላይ አንድ ፎቶ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት አወጣሁት። አስራ አንድ ሆነን ስክራብ (የኦፕሬሽን ልብስ) ለብሰን ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ቆመናል፣ መሀላችን ሆዱ በፋሻ የታሸገ ትንሽ ልጅ አለ፣ ሁላችንም ጥርስ በጥርስ ሆነናል ልጁ ብቻ አይስቅም። ለብዙ ዓመት የፕሮፋይል ፎቶዬ ነበር። ያወጣሁት አንደኛ ልጁንም እናቱንም ፎቶ እናንሳ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው፣ ዋናው ግን ፎቶው የተነሳው በመጨረሻው ቀን ስለሆነ ነው፣ እና እኔ ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ከመጨረሻው ቀን በኋላ ስላለው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬዚደንሲ ከጨረስኩ ዓመት እንኳን አልሞላኝም፣ ከአንድ ቡድን ጋር ለአንድ ሳምንት ከከተማ የራቀ ሆስፒታል ሄድኩ። በስድስት ቀን 61 ኦፕሬሽን ሰራን። ኸርኒያ (አንጀት በሆድ ግድግዳ ሾልኮ ሲወጣ) ነው፣ ሃይድሮሲል (ቆለጥ ዙሪያ ውሃ ሲቋጥር) ነው፣ እንቅርት ነው፣ ምኑ ቅጡ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን አድርገን እስከ ማታ ሶስት ሰዓት እንሰራ ነበር። ማታ ማታ ሎግቡኬን፣ የሰራሁትን ኦፕሬሽን የምመዘግብበትን፣ ስሞላ የነበረኝ ደስታ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከዛ ሻንጣችንን ዘግተን ፎቶ ተነስተን ሄድን።

ከሶስት ወር በኋላ ጥለነው የሄድነውን ዕቃ ላመጣ ስመለስ የሆስፒታሉ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም)፣ ያኔ ከኛጋ ገብታ ስትረዳን የነበረችው፣ ከመሳቢያ አንድ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። 61ዱም ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ ተራ በተራ ተጽፏል፣ ስም፣ መንደር፣ የተሰራለት ነገር፣ ከዛ በማስመሪያ ተሰምሮ መጣ ወይም አልመጣም የሚል ቦታ። ዘጠኙ ላይ ቀይ ክብ አለ። አብዛኞቹ ቁስላቸው ያመረቀዘ ናቸው። አንዱ ደም ቋጥሮበት ሌሊት ራሷ በስልክ መብራት የከፈተችለት ነው። አንዷ እንቅርት ያወጣንላት ሴትዮ ናት፣ እኛ በሄድን በማግስቱ ጣቶቿ እየተቆለመሙ መጣች፣ ካልሲየም ደግሞ ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም፣ ከየት እንዳመጣችው እስካሁን አልነገረችኝም። አስራ አራቱ ላይ አልመጣም ይላል።

"ዶክተር፣ ለናንተ 61 ነው፣ ለኔ 9 ነው" አለችኝ። ተቆጥታ አደለም። ከዛ አስራ አራቱን በጣቷ እያሳየች "እነዚህን ደግሞ በማን እንደምቆጥራቸው አላውቅም" አለች።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በ2018 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ፣ አፍሪካን ሰርጂካል አውትካምስ ስተዲ ሚባለው፣ ያላነበባችሁት ካላችሁ ዛሬ ማታ አንብቡት። 25 አገር፣ 247 ሆስፒታል፣ ከ11 ሺህ በላይ ታካሚ። ታካሚዎቹ ከሌላው ዓለም ታካሚ በዕድሜ ያነሱ፣ ተደራቢ በሽታቸውም ያነሰ፣ ግን ከኦፕሬሽን በኋላ የመሞት ዕድላቸው ከዓለም አማካይ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እሺ ይሄ ራሱ ያስደነግጣል፣ እኔን ቁጭ ያደረገኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ከሞቱት ውስጥ 94 በመቶው የሞቱት ኦፕሬሽኑ ከተሰራበት ቀን በኋላ ነው። ጠረጴዛ ላይ አደለም ማለት ነው። ዋርድ ውስጥ፣ ታካሚ በሚተኛበት ክፍል፣ በሁለተኛው ሌሊት በሶስተኛው ሌሊት፣ አንዲት ነርስ ዋርዱን ሙሉ ይዛ በምታድርበት ሰዓት፣ ሰርጀኑ ጥሩ ሰራሁ ብሎ በተኛበት ሰዓት። ያቺ ጂፒ በደብተር ያወቀችውን ነው ላንሴት ከዓመታት በኋላ የጻፈው።

ስለዚ ካሪየር እንዴት ይገነባል ብላችሁ ስትጠይቁኝ እኔ ማወራው ስለ ማግስቱ ነው። ስለ ቢላው ሌላ ሰው ያውራላችሁ፣ ብዙ አለ።

ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ፣ አይረዝምም። ግሎባል ሰርጀሪ ሚለው ስም አዲስ ነው እንጂ ችግሩ የቆየ ነው። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሃልፍዳን ማህለር ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ለተሰበሰቡ ሰርጀኖች ንግግር አድርገው ነበር፣ አብዛኛው የዓለም ሕዝብ የሰለጠነ የቀዶ ሕክምና ጨርሶ አያገኝም፣ መፍትሄ ለማግኘትም እዚህ ግባ ሚባል ነገር እየተሰራ አደለም ነው ያሉት። ከዛ 28 ዓመት ዝም። በ2008 ፖል ፋርመርና ጂም ኪም የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና የዓለም ጤና ችላ የተባለ የእንጀራ ልጅ ነው ብለው ጻፉ፣ ሁለቱም ሰርጀን አደሉም እኮ፣ አንዱም! እኛ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ተዘግተን ለኛ የሚናገርልን ሌላ ሰው ነበር።

ለምን የእንጀራ ልጅ ሆነ ካላችሁ፣ ሰው ሚያስበው ውድ ስለሆነ ነው ብሎ ነው። በከፊል። ዋናው ምክንያት ግን ይመስለኛል ክትባትን በሳጥን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ወባን በአጎበር፣ ቀዶ ሕክምናን ግን በሳጥን አትይዘውም። አንዲት እናት በኦፕራሲዮን እንድትወልድ መብራት ያስፈልጋል፣ ውሃ፣ ኦክስጅን፣ ደም፣ አኔስቴዢያ (ማደንዘዣ) ሚሰጥ ሰው፣ በትክክል የተቀቀለ ዕቃ፣ ከዛ ደግሞ ሌሊቱን ሚጠብቃት ሰው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ የሰርጀኑ እጅ ወርቅ ቢሆን ዋጋ የለውም። ማለትም ቀዶ ሕክምና ሲሰራ ሆስፒታሉ እየሰራ ነው ማለት ነው፣ ለጋሾች ደግሞ ሆስፒታልን በሙሉ ከመደገፍ አንድ በሽታ ይዞ መዝመት ይቀላቸዋል።

2015 ላይ ነገሩ ተለወጠ። ዲዚዝ ኮንትሮል ፕራዮሪቲስ የሚባለው የዓለም ባንክ ህትመት 44 መሰረታዊ ኦፕሬሽኖችን ለይቶ አወጣ፣ በዛው ሰሞን ላንሴት ያቋቋመው የግሎባል ሰርጀሪ ኮሚሽን ሪፖርት ወጣ፣ በግንቦት ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ድንገተኛና መሰረታዊ የቀዶ ሕክምናና አኔስቴዢያ የጤና ሽፋን አካል ይሁን ብሎ ወሰነ። የኮሚሽኑን ቁጥሮች ታውቋቸዋላችሁ፣ 5 ቢሊዮን ሰው ደህንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚፈቅደውን የቀዶ ሕክምና አያገኝም፣ በዓመት 143 ሚሊዮን ተጨማሪ ኦፕሬሽን ያስፈልጋል፣ በዓለም በዓመት ከሚሰሩት 313 ሚሊዮን ውስጥ በጣም ደሀ ለሆኑት አገሮች የሚደርሰው 6 በመቶ ብቻ ነው፣ እዛ የሚኖረው ግን ከዓለም ሕዝብ ከሲሶ በላይ ነው። እያንዳንዱ የግሎባል ሰርጀሪ ፕረዘንቴሽን በነዚህ ቁጥሮች ነው ሚጀምረው፣ እኔም ሳልጠራቸው ላልፍ አልቻልኩም ይኸው።

ከሪፖርቱ ለናንተ የሚጠቅመው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሶስት ኦፕሬሽኖችን መርጠዋል፦ ሆድ ከፍቶ መስራት ማለትም ላፓሮቶሚ፣ በኦፕራሲዮን ማዋለድ፣ እና የተከፈተ ስብራት ማከም። አንድ ሆስፒታል እነዚህን ሶስቱን መስራት ከቻለ ሌላውንም ብዙውን ይችላል፣ ማንኛውም ሰው ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደዚህ ያለ ሆስፒታል መድረስ አለበት ነው ሀሳቡ። የትኛውን ስፔሻሊቲ ልምረጥ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ። ጄነራል ሰርጀሪ፣ ማህፀንና ጽንስ፣ ኦርቶፔዲክስ። እና አራተኛው ማንም የማይጠይቀኝ፣ አኔስቴዢያ። ባለፈው እንደዚህ ያለ መድረክ ላይ እጃችሁን አውጡ ብዬ ከሙሉ አዳራሽ አኔስቴዢያ እመርጣለሁ ያለው ሁለት ሰው ነው፣ አንደኛው ደግሞ ጓደኛው እየጎተተው ነው ያወጣው። [ሳቅ]

ግሎባል ሰርጀሪ ራሱ ስፔሻሊቲ አደለም፣ ይሄን ያዙልኝ። መጀመሪያ ሰርጀን ሁኑ። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ሆኖ ሶስት ኮንፈረንስ ላይ ስለ ሲስተም ሚያወራ ግን ሞርኒንግ (የጠዋት የታካሚ ውይይት) ላይ የራሱን ታካሚ ፕረዘንት ማድረግ ያልቻለ ሰው አይቻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ለተወሰነ ጊዜ እንደዛ ነበርኩ። የምትማሩበት ቦታ ሁሉም በስቴፕለር (አንጀት በሚገጥም መሣሪያ) እና በላፓሮስኮፕ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) የሚሰራ ከሆነ አንጀት በእጃችሁ መስፋት ካልቻላችሁ አንድ ቀን ትቸገራላችሁ። ከሌላ ዲፓርትመንት ሮቴሽን ለምኑ። ማዋለጃ ክፍል ግቡ፣ ጀሶ ማሰር ቻሉ፣ ስፓይናል (በወገብ የሚሰጥ ማደንዘዣ) መስጠት ቻሉ፣ አልትራሳውንድ ያዙ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችን የመሰሉ ድርጅቶች ሰርጀን ሲቀጥሩ የሚፈልጉት ሁሉንም ትንሽ ትንሽ የነካ እጅ ነው።

ደግሞ ዕቃ ማፅጃ ክፍል ግቡ። አውቶክሌቭ፣ ዕቃ በእንፋሎት የምንቀቅልበት ማሽን፣ ውስጥ በሚገባው ጥቅል ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ቀለሙ ስለተቀየረ ዕቃው ንጹህ ነው ብላችሁ የምታምኑ ስንት ናችሁ? ፕላስተሩ የሚነግራችሁ ሙቀት ደርሶኛል ብቻ ነው። እንፋሎቱ ጥቅሉ መሀል ገባ አልገባ፣ በቂ ደቂቃ ቆየ አልቆየ አይነግራችሁም። አንድ ጊዜ ድራም (ልብስ የሚቀቀልበት ቆርቆሮ) ከፍቼ ጋውኑን ሳወጣ እርጥብ ነበር፣ ሞቅ ያለ እርጥብ፣ ልክ ከገመድ ሳይደርቅ እንደወረደ ልብስ። እርጥብ ጥቅል ንጹህ ተብሎ አይቆጠርም፣ ይሄን አውቃለሁ፣ ግን ታካሚዋ ስፓይናል ተሰጥቷት ጠረጴዛ ላይ ተኝታ ነበር። ሰራኋት። ቁስሏ አመረቀዘ። አውቶክሌቩ የተበላሸው ጎማው አርጅቶ ነው፣ የመዳፍ ስፋት እንኳን በሌላት ጎማ ምክንያት፣ እና ለወራት ማንም ለማን መናገር እንዳለበት ስለማያውቅ እንዲሁ ተቀምጧል። ከዛ ቀን ጀምሮ የትም ስሄድ መጀመሪያ ምጠይቀው ማን ነው ዕቃ የሚቀቅለው ብዬ ነው፣ ሰርጀኑን በኋላ ነው ማገኘው።

አኔስቴዢያ ካልኩ አይቀር አንድ ልጨምር። ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅን የሚለካው ዕቃ፣ ድምፁ ከሳቹሬሽኑ (ከኦክስጅኑ መጠን) ጋር ነው ሚወርደው፣ 99 ላይ ሲሆን ቀጭን፣ እየወረደ ሲሄድ እየወፈረ። አንድ ቀን አንድ አስቸጋሪ ሆድ ውስጥ ገብቼ ድምፁ አልስማማኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ወይ ደክሞኝ፣ ያንን ነገር ቀንሱልኝ አልኩ። አኔስቴቲስቱ ሐኪም አደለም፣ ነርስ ሆኖ ተጨማሪ የሰለጠነ፣ በዕድሜ ግን አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ቀና ብሎ አየኝና "ዶክተር፣ እኔ የማየው በጆሮዬ ነው" አለኝ። አልቀነሰም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁ ወፈረ፣ እኔ ሳልሰማው እሱ ቱቦውን አስተካክሎ ጨርሶ ነበር። በ2010 የወጣ ግምት በዓለም ላይ ከ77 ሺህ በላይ ኦፕሬሽን ክፍሎች ይቺ ዕቃ የላቸውም ይል ነበር፣ ላይፍቦክስ የሚባለው ድርጅት በ2011 የተቋቋመው እሱን ክፍተት ለመሙላት ነው። እኔ ግን ያ ሰውዬ ያለዕቃው ስንት ዓመት እንደሰራ አስባለሁ፣ በጣቱ የልብ ምት እየዳሰሰ፣ ከንፈር እያየ።

የሰርጀሪ ቼክሊስቱን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውን በኦፕሬሽን ጊዜ የሚነበብ ዝርዝር፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢጫ የሆነው። 19 ነጥብ ነው ያለው። በስምንት የተለያዩ ከተሞች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ሲታተም የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 ወርዷል፣ ኮምፕሊኬሽን (ከኦፕሬሽን የሚመጣ ችግር) ከ11 ወደ 7። ከነጥቦቹ አንዱ ሁሉም ሰው ስሙንና ስራውን ይናገር ይላል። ሰው በጣም ያፍርበታል፣ እንተዋወቅ የለ እንዴ ይላል። እኔ በዛ በ61ዱ ሳምንት ዕቃ የምታቀብለኝን የስክራብ ነርሷን ስም ያወቅኩት በአራተኛው ቀን ነው። ሲስተር ሲስተር እያልኩ። አራት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ስህተት ስሰራ ብታይ ስሟን እንኳን ላልጠየቃት ሰው ትናገራለች ብላችሁ ታስባላችሁ?

እሺ ወደ ዋናው። ማግስቱ ላይ የሚቀረው ማን ነው?

ሞዛምቢክ በ1984፣ ጦርነት ላይ እያለች፣ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችን ኦፕሬሽን ማሰልጠን ጀመረች። ቴክኒኮ ደ ሲሩርዢያ ይባላሉ። ያኔ ብዙ ሰው ጮኸ፣ እንዴት ሐኪም ያልሆነ ሰው ሆድ ይከፍታል ተብሎ። በኋላ ጥናት ሲሰራ፣ ወረዳ ሆስፒታል ከተመደቡት ውስጥ ከሰባት ዓመት በኋላ 88 በመቶ የሚሆኑት ቴክኒኮዎች እዛው ወረዳ ላይ ተገኙ። ከሐኪሞቹስ? አንድም። ዜሮ። በገጠር ሆስፒታሎች ከሚሰራው ትልልቅ የማዋለድ ኦፕሬሽን ከመቶ 90 በላዩን የሚሰሩትም እነሱ ሆነው ተገኙ። በ2021 ደግሞ ሴራሊዮን ውስጥ ኸርኒያ ሐኪሞችና ሐኪም ያልሆኑ ሰልጣኞች ሰርተው ሲወዳደር ሐኪም ያልሆኑት የሰሩት ተመልሶ በመምጣት በኩል ከሐኪሞቹ አልባሰም፣ እንደውም የተሻለ ነበር። ይሄን ስናገር የሚያኮርፍ ኮንሰልታንት (ከፍተኛ ስፔሻሊስት) ሁሌም ይኖራል፣ ዛሬም አንድ አያለሁ [ሳቅ]፣ ግን ክርክራችን ማን ይስራ አደለም መሆን ያለበት፣ ማን ያሰልጥናቸው፣ ማን ይደውሉለት፣ ሲሳሳቱ ማን ከጎናቸው ይቁም ነው። ለናንተ ያለው ስራ እሱ ነው። አሰልጥኖ ስልኩን ዘግቶ የሚሄድ ሰው 61 ኦፕሬሽን ሰርተን ጥለን እንደሄድነው እንደኛ ነው።

ከዚ ሁሉ በላይ ግን እኔ ምወደው ታሪክ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ነው። በፊስቱላ፣ በረዘመ ምጥ መጥቶ ሽንት መቆጣጠር በሚያሳጣው ጉዳት፣ ታመው ለመታከም ነው አዲስ አበባ የመጡት፣ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ከዳኑ በኋላ እዛው ቀርተው አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው እነ ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ሲሰሩ እያዩ፣ ክር እያቀበሉ፣ ቆይቶ ራሳቸው ፊስቱላ መጠገን ጀመሩ፣ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ ስፔሻሊስቶችን አሰለጠኑ። በ1989 ከለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጀንስ የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጠ፣ ለሃምሊንና ለሳቸው። እዛ ኮሌጅ ለመግባት ስንት ፈተና እንደሚያስፈልግ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ይሄ የሆነው ግን ሃምሊን በ1959 ለአጭር ጊዜ ብለው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለቆዩ ነው። በሳምንት ጉዞ አንድ ማሚቱ አይወጣም።

ሁላችሁም ዕድሜያችሁን ሙሉ ሂዱና ቅሩ እያልኩ አደለም፣ ብዙዎቻችሁ አትችሉም፣ እኔም አልቻልኩም፣ ቤተሰብ አለ ልጅ አለ ብድር አለ። ግን አንድ ቦታ ምረጡ። በየዓመቱ አዲስ አገር አትሂዱ። ሶስት አገር አንድ አንድ ጊዜ ከመሄድ አንድ ቦታ አስር ጊዜ መመለስ ይሻላል፣ ለምን ቢባል ሁለተኛ ጊዜ ስትመለሱ ነው ያለፈው ጊዜ ያበላሻችሁት ነገር የሚነገራችሁ። መጀመሪያ ጊዜ ሁሉም እናመሰግናለን ነው ሚላችሁ።

ስለ ሪሰርች አጠር ላርገው ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ቶሎ እናደዳለሁ። ካሪየር የሚሰራው በፐብሊኬሽን ነው፣ አልዋሻችሁም፣ ፕሮሞሽኑም ግራንቱም በሱ ነው። ችግሩ ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ካርድ ያስወጣል፣ ኢንተርኖቹ ሌሊት ሌሊት ዳታ ይሞላሉ፣ ጽሑፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ስምም የመጨረሻው ስምም የእንግዶቹ ነው፣ ኢንተርኖቹ ምስጋና የሚለው ቦታ ላይ፣ እሱም ስማቸው ተሳስቶ። እኔ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ በሁለቱም በኩል ነበርኩበት፣ መጀመሪያ የተረሳሁት እኔ ነበርኩ፣ በኋላ የረሳሁት እኔ ነኝ። ግሎባልሰርግ ሚባለው የምርምር ስብስብ ጥሩ መንገድ አሳይቷል፣ ዳታ የሰበሰበው ሬዚደንትም ተማሪም ሳይቀር በጸሐፊነት ስሙ ይገባል። ስራ ሳትጀምሩ ቁጭ ብላችሁ ማን የት እንደሚጻፍ ተነጋገሩ፣ በወረቀት። የሚያሳፍር ንግግር ነው፣ በኋላ ያለው ግን የባሰ ነው።

ሪሰርችና ማግስት የተገናኙበትን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ሳይን የሚባል ድርጅት አለ፣ በ1999 የተመሰረተ፣ ለተሰበረ የእግር አጥንት የሚገባ ሚስማር ይሰራል፣ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ራጅ ሚያነሳ ማሽን ሳይኖር እንዲገባ ተደርጎ የተሰራ ነው። ሚስማሩን ለሆስፒታሉ በነጻ ነው ሚሰጡት፣ የተጠቀማችሁት እንዲተካላችሁ ግን እያንዳንዱን ኬስ ከነራጁ ዳታቤዛቸው ላይ ማስገባት አለባችሁ። ከወራት በኋላ ታካሚው ሲመጣ ደግሞ አንድ ፎቶ አለ፣ ሰውዬው ቁጢጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ፈገግ ይላል፣ ይነሳል። ስኳት ኤንድ ስማይል ይሉታል። ጉልበቱ ታጠፈ ማለት ነው፣ አጥንቱ ያዘ፣ ክብደት ይሸከማል፣ አያመውም። ምንም ማሽን የለውም። እኔ ከፎቶ ተጣልቼ ነው የመጣሁት ብያችኋለሁ፣ ይሄን ፎቶ ግን እወደዋለሁ። ሰርጀኑ ፎቶው ውስጥ የለም፣ ደግሞ ከኦፕሬሽኑ ከወራት በኋላ ነው የተነሳው።

ገንዘብ። ሁሉም በሹክሹክታ ነው ሚጠይቀኝ። ግሎባል ሰርጀን ሚባል የደሞዝ መደብ የለም። አብዛኛው ሰው የሚኖረው አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ተቀጥሮ በዓመት ይህን ያህል ሳምንት ለዚህ ስራ ይፈቀድልኝ ብሎ በውሉ ላይ አስጽፎ ነው። አስጽፎ ነው ያልኩት፣ አለቃችሁ በቃል እሺ ካለ አለቃው ሲቀየር እሺታውም አብሮ ይቀየራል፣ ደርሶብኛል። ሌላው መንገድ ድርጅት ውስጥ መቀጠር ነው፣ ሌላው በአገራችሁ ጤና ሚኒስቴር ውስጥ ገብቶ የቀዶ ሕክምና ዕቅድ ላይ መስራት፣ ከ2015 ወዲህ ብዙ አገሮች ብሔራዊ የቀዶ ሕክምና ዕቅድ አውጥተዋል፣ እዛ ጠረጴዛ ላይ በጀት የሚያነብ ሰርጀን እንደ ወርቅ ነው የሚፈለገው። የምትሄዱበት አገር የሙያ ፈቃድ ሳታወጡ ቢላ አትንኩ፣ በአገራችሁ የማይፈቀድላችሁን ኦፕሬሽን ሌላ አገር ሄዳችሁ አትለማመዱ። ይሄ መነገር አልነበረበትም፣ ግን ይነገራል።

ጥያቄ ላይ የተነሱትን ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንዷ ልጅ የሕዝብ ጤና ማስተርስ ያስፈልጋል ወይ አለች። ግዴታ አደለም፣ ግን ስታቲስቲክስ የሚያነብ ጭንቅላት ያስፈልጋል፣ ያን በማስተርስም በሌላም ታገኙታላችሁ። ወረቀቱን ለሲቪ ብቻ ከሆነ ያን ዓመት ዋርድ ውስጥ ብታሳልፉት ይሻላል ብዬ ነው የመለስኩላት፣ ጎኔ የተቀመጠው ኮንሰልታንት አልተስማማም፣ ምናልባት እሱ ልክ ነው።

ሁለተኛው ከኋላ ነው የመጣው፣ ድምፁ ቆጣ ያለ ነበር። "ከደሀ አገር ከሆንኩ እኔ ግሎባል ሰርጀን ነኝ ወይስ ዝም ብዬ ሰርጀን?" አለ። አዳራሹ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከሀብታም አገር ለሁለት ሳምንት የሚመጣው ግሎባል ይባላል፣ እዛው ሰላሳ ዓመት ሲሰራ የኖረው ደግሞ የአካባቢው ባለሙያ። ኮሴክሳ፣ የምሥራቅ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የሰርጀኖች ኮሌጅ፣ በ1999 ሲቋቋም የራሱ ሕንጻ ሳይኖረው ባሉት ሆስፒታሎች ውስጥ ነው ማሰልጠን የጀመረው፣ ከተመራቂዎቹ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሰለጠኑበት አገር እንደቀሩ በጥናት ታይቷል። ማነው እንግዲህ ዓለም አቀፉን ችግር እየፈታ ያለው? ልጁን ስምህ ማነው አልኩት፣ ነገረኝ፣ ስምህን በግሎባልነት ልትጽፈው ትችላለህ፣ ማንንም አታስፈቅድ አልኩት።

ያቺ ጂፒ ዛሬ ሰርጀን ናት። ኸርኒያ ኮርስ አብረን ጀመርን፣ ሁለት ሬዚደንት ታሰለጥናለች፣ ደብተሩ አሁን ስምንተኛው ነው፣ አልመጣም የሚለው ሰው ቤት ስልክ የሚደውል አንድ ሰው ተቀጥሯል። በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ። ፕሮግራሙን ትናንት ላከችልኝ፣ ኦፕሬሽን ሊስቱን ከላይ እስከታች አየሁት፣ ስሜ የለበትም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ያገኘሁት፣ የዋርድ ራውንድ፣ በየአልጋው እየዞሩ ታካሚ ማየት፣ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ከጎኑ በእስክሪብቶ "ማታም" ብላ ጨምራበታለች።